ሀውራና የሰንበሌጥ ቁልቁለት

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። ጎማ ሲቃጠል ይከረፋል፤ ናፍጣ ሲፈስ ይሰነፍጣል፤ የፍሬን ሸራ ግን ፀጉርና ቀንድ አብረው እንደተለበለቡ ሆኖ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሀውራ ይህን ሽታ ያወቀችው የፊት ጥርሶቿ በወላለቁበት ዕድሜ ነው። ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ገበያ በሚወርድ አይሱዙ ላይ፣ በአባቷ ጉልበትና በአንድ ጆንያ ሽንብራ መካከል ተሸጉጣ ነበር።

ሾፌሩ የሰንበሌጥን ቁልቁለት ሲጀምር እንደ ልማዱ ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ዘመን እንደዚያ የማያደርግ ሾፌር አይገኝም ነበር፤ ዛሬም ሞልቷል። ቁልቁለት ያለ ናፍጣ ያወርዳል፣ የአላህ ስጦታ ነው ይባል ነበር። አይሱዙው ድምፁን አጥፍቶ መንሸራተት ሲጀምር ተሳፋሪው ደስ አለው፤ የሞተሩ ጩኸት ቀርቶ ጨዋታ መስማት ተቻለና። አንዲት ሴት ስለ አንድ ሠርግ ታወራ ነበር። ከዚያ ሽታው መጣ። ሴትዮዋ ወሬዋን አቋረጠች። ረዳቱ ታኮውን፣ ያን ከጎማ ሥር የሚወሸቅ ሦስት ማዕዘን ግንድ፣ ይዞ ዘለለና ወረወረው፤ መኪናው ግን ታኮውን ረግጦት አለፈ። ማንም አልጮኸም። ሀውራን እስከ ዛሬ የሚገርማት ይኼ ነው። አባቷ ብቻ "ያ ረቢ!" አለና በሁለት እጁ ብብቷን ይዞ ወደ ማሽላው ወረወራት።

ማሽላው ተቀበላት። ተሳፋሪውም እየዘለለ ወረደ፤ አባቷም ክንዱን ሰብሮ ተረፈ። ሾፌሩ ብቻ መሪውን እንደጨበጠ ጠመዝማዛው ጋ ደረሰና ሳይዞር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሀውራ ያን ቁልቁለት በመኪና አልወረደችውም። መኪናው ሲያልፋት እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በዳር በዳሩ ትሄድ ነበር። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የምትነዳው ሴት እሷ ናት፤ መናኸሪያው አካባቢ የሚሠራ ሁሉ ያውቃታል። ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ገበያው፣ ወደ መስጊዱ የፈለጋችሁትን ያህል ታመላልሳችኋለች። ተሳፋሪ ወደ ዳገቱ ሰፈር ሲላት ግን፣ "የኔ ዓለም፣ ሌላ ፈልጊ፤ እኔ የሜዳ ነኝ" ትላለች። አንዳንዱ ኩራት ይመስለዋል፤ ሌላው ለሞተሯ ስትሳሳ ነው ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

መንዳት የተማረችው ኩዌት ነው። የምትሠራበት ቤት ማዳም ራሷ መሪ መያዝ የምትፈራ ሴት ነበረችና፣ ሀውራን መንጃ ፈቃድ አስወጥታ ልጆቿን ትምህርት ቤት እንድታመላልስ አደረገቻት። ኩዌት ደግሞ ዳገት የላትም። እዚያ አገር ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ፎቅ ነው። መኪናውም ማርሹን ራሱ የሚቀያይር ስለነበር፣ የሀውራ ግራ እግር እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ደመወዝ ሲበላ ኖረ።

ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው በየአደባባዩ በወጣበት ሰሞን አገሯ ገባች። አባቷ ሞቶ ነበር። ቤት ውስጥ የነበሩት እናቷ መስኡዳና የወንድሟ ሚስት ዑምኩልሱም ናቸው፤ ወንድሟ ሙአዊያ ጂዳ ነው የሚሠራው። ዑምኩልሱም የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ምጥ ሲጠናባት የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዷት፣ ልጁ ሐይቅ ሳይደርስ ሞቶ ተወለደ። ቅሬ በወሎ ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሲታመሙ የሚሸከም የመንደር ማኅበር ነው። የዚያን ጊዜ ሐዘን ዐረብ አገር ያሉትን የመንደሩን ልጆች አንገበገባቸውና ተሰባስበው አንድ አሮጌ ነጭ ላንድክሩዘር ለቅሬው ገዝተው ላኩ። ከኋላው በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር አለው፤ በመሃሉ ቃሬዛ ይገባል። መንደሩ በሬ አርዶ ተቀበለው።

ዳሩ ግን ብዙም አልቆየም። በሰሜን ጦርነት ሲነሣ የመኪናው ሾፌር ዘመተና መኪናው የመንደሩ ወይራ ሥር ቆሞ ቀረ። ዶሮዎች ሞተሩ ሥር እንቁላል ይጥሉ ጀመር። ሙአዊያም በዚያው ዓመት ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ዑምኩልሱም እንደገና አረገዘች።

አንድ ጁምዓ ከስግደት በኋላ የቅሬው ዳኛ ዘይኑልአቢዲን ሀውራን አስጠራት። ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጥር ጥግ ተቀምጠዋል።

"ኩዌትን በመኪና ያስገበርሽው ልጅ፣ የኛን አንዲት ኮሳሳ መኪና ትተሽ እንዴት ትተኛለሽ?" አላት።

"አያ ዘይኑ፣ እኔ የነዳሁት ሜዳ ላይ ነው።"

"ሜዳ ላይ የነዳ ዳገት ላይ ምን ያቅተዋል? መሪው እንደሆን እዚያም ክብ ነው፣ እዚህም ክብ ነው።"

"መሪውስ ክብ ነው፤ አምባሰልን ግን ክብ ሲያደርግ ያየሁት ዘይኑን ብቻ ነው" አለ ከጥግ አንድ ሰው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ይህን ያለው ኑርዬ ነው። ኑርዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን ከባድ መኪና ላይ የፈጀ ሰው ነበር። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበቱ ደርቆ አልታዘዝ ሲለው ነው ሥራውን የተወው። ልጅ አልነበረውም። ወገቧን ታማ ያለ ድጋፍ ከደጅ የማትወጣ ሚስቱን አሚናትን ይዞ ከመንደሩ ሁሉ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለች ቤት ይኖር ነበር። የአሚናትን ገላ ሲያጥብ፣ ፀጉሯን ሲያበጥር የመንደሩ ወንዶች ያሙት ነበር፤ እሱ ግን "እናንተ በሬያችሁን ታጥባላችሁ፤ እኔ ሚስቴን ባጥብ ምን ነውር አለው?" ይላቸዋል።

"እኔ አስተምራታለሁ" አለ ኑርዬ። "እንቢ ካለችም አልፈርድባትም።"

ሀውራ እንቢ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዑምኩልሱም በአጥሩ ቀዳዳ ቆማ ስታያት አየችና ቃሉ ተመልሶ ገባ።

ትምህርቱ የተጀመረው በእግር ነው። ኑርዬ ዱላውን ይዞ ሰንበሌጥ አናት ላይ አቆማትና፣ "መጀመሪያ በእግርሽ ውረጂው" አላት።

"ዕድሜዬን በእግሬ አይደል እንዴ የወረድኩት?"

"እየሸሸሽ ነው የወረድሽው። አሁን እያየሽ ውረጂ።"

እውነትም አይታው አታውቅም ነበር። ኑርዬ በዱላው ጫፍ እየነካ የቱ ድንጋይ ከመሬት የበቀለ፣ የቱ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንደሆነ አሳያት። ምንጩ መንገዱን የሚያቋርጥበትን ዋልካ፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና የሚሆነውን፣ አስረገጣት። መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለበትን ቦታ ሲያሳያት ሀውራ ቁልቁል አየችና አጥር በሌለው ጣራ ላይ እንደቆመ ሰው ቁጢጥ አለች። ከታች፣ ከማሳዎቹ ማዶ፣ ሐይቁ እንደ ተወለወለ ሰሃን ያበራል።

"አብሽሪ" አላት። "የማይፈራ ሾፌር ጋር እኔ ራሴ አልሳፈርም። አሁን ስሚኝ። ማርሽ የሚገባው እዚህ አናቱ ላይ ነው፤ አንደኛው፣ ከባዱ። ከዚህ በኋላ ካምቢዮውን አትነኪም። መሃል ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልቀይር ያለ ሰው ከአላህ ጋር ሊከራከር የተነሣ ነው። የመኪናዋን አፍንጫ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች። አግድም ካዞርሻት ትገለበጣለች። ከዚያ ሁለቱንም እግርሽን ታነሻለሽ።"

"ከምኑ?"

"ከሁሉም። ከፍሬኑም፣ ከፍሪሲዮኑም፣ ከናፍጣውም።"

ሀውራ የቀለደባት መሰላት። "አያ ኑርዬ፣ ፍሬን ሳልይዝ?"

"ሞተሩ ይይዛታል። ሞተርና ጎማ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ዝግ ሲል እሷም ዝግ ትላለች። አንቺ በመሃላቸው አትግቢ።"

ይህን ለማለት ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን ላንድክሩዘሯ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ፣ ሰማዩ ከመስተዋቱ ጠፍቶ መሬት ብቻ ሲቀር፣ ሀውራ መሪውን አጥብቃ ጨበጠች። ያ ለዓመታት ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ግራ እግሯ ማንም ሳያዘው ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናዋ እንደተፈታች ፍየል ተወረወረች። ድንጋዩ ከሥር ይጮሃል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ኑርዬ በአንድ እጁ የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ በሌላው መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጠመዘዘው። መኪናዋ ግንባሯን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላትማ ቆመች። አቧራው ቀስ እያለ ወረደ።

ሀውራ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አሰማች።

"አፋታሻቸው" አለ ኑርዬ ሻሹን እያራገፈ። "የተፈታች ጎማ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ ማንንም አታማክርም። ጫማሽን አውልቂ።"

"ለምን?"

"አውልቂ እኮ ነው የምልሽ!"

አወለቀች።

"አሁን እግሮችሽን ከሥርሽ አጥፊና መውሊድ ቤት እንደተቀመጠች ሴት ተቀመጪ።"

መሪውን ጨብጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወንበሩ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ላንድክሩዘሯ እያጓራች፣ እያቃሰተች፣ በሰው እርምጃ ወረደች። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከዳር ቆመው አዩዋት።

"ኧረ ወገን፣ ይቺ ልጅ ሶላት ላይ ናት ወይስ መኪና ላይ?"

"ተዋት፣ ዱዓ እያረገች ነው! ኑርዬስ ምን እየሠራ ነው?"

"እኔማ አሚን እያልኩ ነው!" አለ ኑርዬ በመስኮቱ።

ሳቁ እስከ ታች ተከተላቸው። ሀውራ ግን አልሳቀችም። ላቧ በጀርባዋ ይወርድ ነበር።

ዳገቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ዳገት ግራ እግር ይፈልጋል። መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ፣ በዚያው ማርሽ ሞተሩን አስነሥቶ ቀጥ ብሎ በኋላ መመለስ ነው። ዞሮ እንመለስ ያለ ይገለበጣል። ኑርዬ ይህን በቃሉ ይነግራት ነበር እንጂ ራሱ ሊያሳያት አልቻለም። አንድ ቀን ልሞክር ብሎ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠው። እግሩ ግን ገፍቶ አልወርድ አለው። "ቁልቁለቱንስ እግር የሌለውም ይወርደዋል" ብሎ ወደ ጎን ወንበሩ ተመለሰ።

ክረምቱ ሲወጣ ሀውራ ሰንበሌጥን መውጣትም መውረድም ትችል ነበር። ግን የምትችለው ኑርዬ አጠገቧ ሲሆንና ከኋላ ማንም ሳይኖር ብቻ ነው። የአገሩም ልማድ ያግዛት ነበር፤ የአይሱዙው አደጋ ከደረሰ ወዲህ ተሳፋሪ ሁሉ አናቱ ላይ ወርዶ በእግሩ ያልፋል፣ መኪናውም ባዶውን ይወርዳል። ሰው ጭና ብትወርድ ምን እንደምትሆን ሀውራ አታውቅም፤ ማወቅም አልፈለገችም። ዑምኩልሱም ሆዷን እየደገፈች ስታልፍ ሀውራ ዓይኗን ወደ ሌላ ትመልስ ነበር።

ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ጥቅምት ውስጥ ከሰሜን በኩል የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ድምፁን ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ጤፉ ያወራሉ። እየዋለ ሲያድር ድምፁ ነጎድጓድነቱን ትቶ መስኮት ያንቀጠቅጥ ጀመር። ስልክ ጠፋ። በመንገዱ ላይ ሰው ፍራሽ፣ ዶሮ፣ ሕፃን ተሸክሞ፣ ከብቱን እየነዳ ቁልቁል ይጎርፍ ጀመር። ወጣቱ ገሚሱ ዘመተ፣ ገሚሱ ሸሸ፤ ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ መንደሩ ውስጥ አልቀረም።

ዑምኩልሱም ምጥ የያዛት በዚህ መሃል ነው፤ ጀምበሯ አንድ ሁለት ክንድ ከፍ እንዳለች። መስኡዳ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና ሀውራን አየቻት። ሀውራ ገባት።

ወይራው ሥር ስትደርስ ኑርዬ ዱላውን ጥሎ ናፍጣ በጄሪካን እየቀዳ ነበር። ዘይኑልአቢዲን አጠገቡ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

"ያለው ናፍጣ ይኼው ነው" አለ ዘይኑልአቢዲን። "ስሚኝ ልጄ፣ ቁልቁለቱን ሞተሩን አጥፍታችሁ ውረዱና ሜዳው ላይ አስነሡት። ያኔ ለመመለሻ ይተርፋል።"

ሀውራ የበሩን እጀታ ለቀቀች።

"ዘይኑ" አለ ኑርዬ ቀና ሳይል፣ "ዝም በል።"

"ምን አጠፋሁ? ሁሉም የሚያደርገው ነው!"

"ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ እኮ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም ድንጋይ፣ መሪውም ድንጋይ ይሆናል። ናፍጣ ነው የምታድነው ወይስ ሰው?"

ዘይኑልአቢዲን ፊቱን አዞረ። ዑምኩልሱምን በብርድ ልብስ ተሸክመው የመኪናው ወለል ላይ አስተኟት፤ መስኡዳ ራሷን ጭኗ ላይ አደረገች። ቀሪው ቦታ አሚናትን ይበቃ ነበር፤ ግን አሚናት ያለችው ከመንደሩ በላይ ነው፣ እሷን ለማምጣት ጊዜ ይፈጃል፣ ዑምኩልሱም ደግሞ እየጮኸች ነው። ኑርዬ ወደ አፋፉ ቤት አየ። አሚናት ድምፁን ሰምታ በሩ ላይ መቃኑን ተደግፋ ቆማ ነበር።

"ሂዱ!" አለች ከላይ፣ እጇን እያወዛወዘች። "ልጅቱን አድርሱ! እኔ የት እሄድባችኋለሁ?"

"እንመለሳለን!" ብሎ ጮኸ ኑርዬ። "አሙ! ሰማሽኝ? እንመለሳለን!"

ሀውራም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ አሚናት ያንን ከዚያ ርቀት ታየዋለች ብላ ሳይሆን።

ሰንበሌጥ አናት ላይ ቆሙ። መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል። ሀውራ ጫማዋን አወለቀች። አንደኛ ማርሽ አስገባች። "ቢስሚላህ" ልትል ፈልጋ ምላሷ ደረቀባት፤ መስኡዳ ከኋላ አለችላት። ከዚያ እግሮቿን አነሣች።

ላንድክሩዘሯ ከወትሮው ይልቅ ከብዳ ወደ ታች ተገፋች። ሀውራ ከኋላዋ የሁለት ሰው ክብደት፣ ከዚያም በላይ ገና ያልተወለደውን አንዱን፣ በጀርባዋ የተሸከመችው መሰላት። ዑምኩልሱም በጮኸች ቁጥር ቀኝ እግሯ ወደ ፍሬኑ ሊሮጥ ይዘላል። ሁለቱን እግሮቿን ከሥሯ ይበልጥ አጠፈቻቸው፤ ቁርጭምጭሚቷ እስኪደነዝዝ ተቀመጠችባቸው።

"አፍንጫዋን ቀጥ" ይላል ኑርዬ። "ሰውን አትዪ። መንገዱን እዪ። ቀጥ። እንዲያ።"

ዋልካው ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማው ወደ ገደሉ ጎን ሸርተት አለ። ትንሽ ነው፤ የአንድ እጅ ስንዝር። መስኡዳ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያለች ዑምኩልሱምን በደረቷ ከለለቻት። ጎማው ድንጋይ አገኘና ነከሰ።

ጠመዝማዛው ጋ አንድ ጥቁር በሬ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ባለቤቱ ይጎትታል፤ በሬው እንቢ ብሏል።

"ፍሬን፣ ቀስ ብለሽ፣ ፍሪሲዮን ሳትነኪ" አለ ኑርዬ። "ሞተሩ ይጥፋ።"

አንድ እግሯን አወረደች። መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። ዝምታው ወረደ። ሀውራ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ አየሩን ስትስበው ራሷን አገኘችው። አቧራና የከብት ሽታ ብቻ ነው። መኪናዋ በማርሿ ተይዛ ቆማለች። አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ የበሩን እጀታ ጨበጠ።

"በአላህ! እናቴን ብቻ! አሮጊት ናት!"

"ከታች፣ ወንድሜ! ሜዳው ላይ እንጭናታለን!" አለ ኑርዬ።

"ከታች ማን ይደርሳል!" ብሎ ሰውዬው በሩን ደበደበው። ከዚያ ከማዶ ሰማይና ምድር የተሰነጠቀ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ በሬውም ደንብሮ ወደ ማሳው ዘለለ። ኑርዬ ጣቱን ወደ ቁልፉ ጠቆመ። ሀውራ መኪናዋን በማርሿ ላይ እንዳለች አስነሣቻት፤ እግሯን መልሳ አጠፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ኑርዬ ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ "ልጄ፣ ሜዳው ላይ እኮ ነን። እግርሽን አውርጂ" ያላትን ነው። አስፋልቱ ላይ በሰው እርምጃ ስትሄድ፣ ከኋላዋ የመኪና ጥሩንባ ይጮህ ነበር።

ሐይቅ ጤና ጣቢያ አንዲት ክፍል ውስጥ ዑምኩልሱም ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ያን ልቅሶ ስትሰማ መስኡዳ ግድግዳውን ሳመችው። ከተማው ጓዙን እየጠቀለለ ነበር። አዋላጇ ገብታ፣ "ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ግቢው ውስጥ አለ፤ ከወላዷ ጋር ሁላችሁንም ይወስዳችኋል፤ ብዙ አይቆይም" ብላ ወጣች።

ሀውራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የላንድክሩዘሯ ቁልፍ መዳፏ ውስጥ ነው። ኑርዬ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ከመስኮቱ ተራራው ይታያል።

"ማንን ትመስላለች? እስኪ እዩዋት" ትላለች መስኡዳ። "ግንባሯ ቁርጥ የሙአዊያ።"

መስኡዳ ሕፃኗን እያወዛወዘች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ሀውራ ከዚህ ንቅንቅ አትልም" አለች። "አንድ ጊዜ አላህ አወረደን። ሁለተኛ አንፈታተነውም።"

"ማን ምን አላት፣ መስኡዳ?" አለ ኑርዬ በቀስታ።

"እንዲያው ነው የምለው።"

ድምፁ እንደገና መጣ፤ መስኮቱ ተርገፈገፈ። ኑርዬ ከመስኮቱ ዞረ።

"ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"ይንቀጠቀጣል፣ አያ ኑርዬ።"

"ይንቀጠቀጥ። ያልፋል።"

ሀውራ የሚጠብቀውን ታውቃለች። አንድ ቃል ነው፤ "እንሂድ" ማለት ነው። ቃሉን ፈለገችው፤ ሆዷ ውስጥ፣ ደረቷ ውስጥ፣ ምላሷ ላይ። በቃሉ ፋንታ ያ ጎማ ወደ ገደሉ የተንሸራተተበት ስንዝር መጣባት። አሁን ደግሞ ዳገቱ አለ፣ ጎርፍ ሆኖ የሚወርደው ሰው አለ፣ ከዚያ ደግሞ መውረዱ አለ። አሚናት በሩ ላይ መቃኑን ተደግፋ ታየቻት። አፏን ከፈተች።

"ውሃ አለ?" አለች።

መስኡዳ ውሃ ሰጠቻት። ስትቀበል ቁልፉን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። አስባበት ይሁን ሳታስብ፣ ዛሬ ብትጠይቋትም መልስ የላትም።

ኑርዬ ቁልፉን አየው።

"ስሟን ሪታጅ እንበላት" አለች ዑምኩልሱም ከትራሷ፣ በደከመ ድምፅ። "ሙአዊያ ሴት ከሆነች ሪታጅ በሏት ብሎ ነበር።"

"ሪታጅ!" አለች መስኡዳ። "ሪታጅ ሙአዊያ! ያምራል እኮ። ኧረ ያምራል። ሪታጅዬ፣ የኔ እመቤት፣ ደሴ እንሄዳለን እሺ? ደሴ ስንደርስ..."

ኑርዬ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣ። መስኡዳ ሕፃኗን እያጫወተች ስለነበር አላየችውም። ሀውራ አየችው። ብርጭቆው አፏ ላይ ነበር። እሱ ወደ እሷ አላየም፤ ለሕፃኗም ዱዓ አላደረገም፤ ደህና ሁኑም አላለም። በእጁ ግድግዳውን እየደገፈ፣ ፍሪሲዮን የማይረግጠውን ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደና ወጣ።